ወፍ ማስነሣት ፎቶግራፍ ማንሣት አይደለም

ባለፈው ሳምንት በተማሪዎች አንድነት አዳራሽ የተከፈተውን «የጣና ውበት» የተባለ የፎቶግራፍ ትርኢት ያላየ ተማሪ ያለ አይመስለንም። ያላየ ቢኖር እንኳ አንደኛ ስለ ወጣው ሥዕል በወሬ ሳይሰማ አልቀረም። ወደ አርባ የሚሆኑ ነጫጭ ፔሊካኖች፣ ማለት እነዚያ ከምንቃራቸው ሥር ከረጢት የተንጠለጠለላቸው ታላላቅ የውሃ ወፎች፣ ከሐይቁ ላይ ባንድ ጊዜ ተነሥተው ክንፋቸውን ሲዘረጉ፣ ከእግራቸው ሥርም ውሃው እንደ ብር ሲበተን የሚታይበት ነው። አስተማሪዎቻችን ከፊቱ ቆመው አድንቀውታል። ዳኞቹ «ሕይወት የሞላበት» ብለው በቀይ ቀለም ጽፈውበታል። ሥዕሉን ያነሣነው ስድስት ተማሪዎችም ሽልማታችንን ተቀብለን፣ እጅ ነሥተን፣ የቀረበልንን ሻይ ጠጥተን ወደየክፍላችን ሄደናል።

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ያ ሥዕል ከግድግዳው እንዲወርድ ለመጠየቅ ነው። ሥዕሉ የኛ ስለ ሆነ የማውረድ መብቱም የኛ ነው፤ ነገር ግን ማታ ገብተን በዝምታ ብናነሣው ኖሮ ነገሩ የስድስት ሰዎች የግል ጸጸት ሆኖ በቀረ ነበር። እኛ የምንፈልገው በተሸለመበት አዳራሽ፣ በሸለሙት ሰዎች ፊት፣ ምክንያቱ ተነግሮ እንዲወርድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ ሳይነጋ ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ተነሥተን የሐይቁን ምሥራቃዊ ዳርቻ ይዘን የጉማራ ወንዝ ወደ ጣና ወደሚገባበት አቀናን። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሁን እንጂ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ ስለዚህ ዳር ዳሩ፣ በተለይም ጉማራና ርብ ደለላቸውን በሚያራግፉበት በፎገራ በኩል፣ ለወፍ የተዘረጋ ገበታ ነው። ገዳማቱን ሊሳለም ወይም ሊጐበኝ የሚመጣው ሰው ወደ ክብራንና ወደ ዘጌ ሲያልፍ ይህን ወገን አያይም፤ ወፎቹ ግን የሚውሉት እዚህ ነው።

ፀሐይ ስትወጣ ፔሊካኖቹን አገኘናቸው። ዓሣ ያጠምዱ ነበር። አይቶ የማያውቅ ሰው ቢያያቸው ደቦ የወጡ ገበሬዎች ይመስሉታል፤ በግማሽ ክብ ተሰልፈው፣ ውሃውን እየገፉ ዓሣውን ወደ ዳር ይነዱና ሁሉም ባንድ ጊዜ ምንቃራቸውን ይነክራሉ፤ ባንድ ጊዜም ቀና ይላሉ። ጀልባውን የሚነዱት አዛውንት፣ ዕድሜያቸውን በሐይቁ ላይ የጨረሱ ሰው፣ ሞተሩን ገና ከሩቅ አጠፉና ዝም አሉ። እኛም ዐሥር ደቂቃ ያህል ዝም አልን። በዚያ ዐሥር ደቂቃ ውስጥ አዛውንቱ በጣታቸው እያመለከቱ በዙሪያችን ያሉትን የሰባት ዓይነት ወፎች ስም ነገሩን። «እሺ፣ እሺ» አልናቸው። ከስድስታችን አንዱም አልጻፈውም።

ከዚያ በኋላ ትዕግሥታችን አለቀ።

«ጋሼ፣ እባክዎ ትንሽ ጠጋ ይበሉልን» አልናቸው።

«ከተጠጋሁማ ይነሣሉ፣ ልጆቼ» አሉ፤ ጥቂት አሰብ አድርገውም «ወይስ ላስነሣላችሁ? የሚመጣው እንግዳ ሁሉ የሚለምነኝ ይህንኑ ነው» አሉን።

«ያስነሡልን!» አልን ስድስታችንም።

ሞተሩ ጮኸ፤ ጀልባው በግማሽ ክቡ መካከል ገባ፤ ደቦው ተበተነ። ዐሥር ኪሎ ሊመዝን የሚችል ወፍ እንደ ድንቢጥ ብድግ አይልም። በውሃው ላይ በእግሩ እየተንደረደረ፣ ሦስት ሜትር ያህል የሚዘረጋ ክንፉን እየቀዘፈ በጭንቅ ነው የሚነሣው፤ እንግዲህ ዳኞቻችን «ሕይወት የሞላበት» ያሉት ያንን ጭንቅ ነው። አንደኛው ወፍ በከረጢቱ የያዘውን ዓሣ ጥሎ ሲነሣ አይተናል። ያ በሥዕሉ ላይ የለም። ወፎቹ ራቅ ብለው ዐረፉ። የመጀመሪያው ሥዕል ፀሐይ ፊት ለፊት ገብታበት ስለ ተበላሸ ተከትለናቸው ሄደን ደግመን አስነሣናቸው። በሁለተኛው የአንዳችን ባርኔጣ ገባበት። የተሸለመው ሦስተኛው ነው።

ለትርኢቱ ስናሰናዳው ደግሞ ሌላ ሥራ ሠራን፤ ከሥዕሉ በግራ በኩል ያለውን ሲሶ ቈርጠን ጣልነው። በዚያ ሲሶ ውስጥ ምን ነበረ? እምቦጭ ነበረ፤ ሐምራዊ አበባውን አውጥቶ ዳሩን የሸፈነ። በእምቦጩ ጠርዝ በደንገል ታንኳ ላይ ተቀምጠው፣ አረሙ የያዘባቸውን መረብ ለማስለቀቅ የሚታገሉ አንድ ሰው ነበሩ። ከኋላቸው ድሮ ረግረግ የነበረ፣ ዛሬ የሩዝ ማሳ የሆነ መሬት ነበረ። ይህ ሁሉ «ውበቱን ያበላሻል» ተባለ። ማን አለ? እኛው አልን። ከሥሩም «የጣና ውበት» ብለን ጻፍንበት፤ ቀን የለው፣ ሰዓት የለው፣ የቦታ ስም የለው፣ የወፍ ስም የለው። ለመሆኑ ሥዕሉ የተነሣው ትናንት ይሁን ከሃያ ዓመት በፊት ማን ያውቃል?

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ያህል ማማረር ምን ይረባል፣ ጠብመንጃ አልያዛችሁ፣ ካሜራ ነው የያዛችሁት፣ ወፎቹም ቢነሡ ተመልሰው ያርፋሉ ብለውናል። ተመልሰው ማረፋቸው እውነት ነው። ነገር ግን ጥር ምን ወር እንደ ሆነ ማስተዋል ያስፈልጋል። ከመስከረምና ከጥቅምት ጀምሮ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ዳክዬዎችና በጭቃ ላይ የሚለቅሙት ባለ ረጃጅም እግር ወፎች በመጋቢትና በሚያዝያ ለመመለስ ስብ የሚያጠራቅሙት በነዚህ ወሮች ነው። የአገሩን ብርድ ሸሽቶ ከሩሲያና ከምሥራቅ አውሮፓ የሚመጣው ግራጫ ሽመላ ቀን በማሳ ላይ እህልና ሽምብራ ሲለቅም ይውልና ማታ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆሞ ያድራል። በማታ የምትጠልቀውን ፀሐይ ከኋላ አድርጎ ሽመላ ለማንሣት የሚሄድ ሰው እንግዲህ የሚቀሰቅሰው ሊተኛ የቆመውን ነው። መብረር ለወፍ ነፃ አይደለም፤ ከመቀመጥ ብዙ እጥፍ ጉልበት ይበላል። አንድ ጀልባ አንድ ጊዜ ቢያስነሣው ይችለው ይሆናል። ነገር ግን አዛውንቱ የነገሩንን እናስታውስ፤ «እንግዳው ሁሉ» ነው ያሉት።

የሚበርር ወፍ ደግሞ ቢያንስ ይበርራል። በሚንሳፈፍ ቅጠል ላይ እየተራመደች የምትኖር፣ ጣቶቿ እንደ ሸረሪት እግር የረዘሙ ወፍ አለች፤ ስሟን ከአዛውንቱ ሰምተን ነበር፤ አልጻፍነውም። የዚች ወፍ ጎጆ በውሃ ላይ ነው፤ እንቁላሉን የሚታቀፈውም ወንዱ ነው፤ ጫጩቶቹን በክንፉ ሥር ሸጉጦ ይዞ የሚሸሸውም እርሱ ነው። በፍጥነት የሚያልፍ የሞተር ጀልባ የሚያስነሣው ማዕበል እንዲህ ያለውን ጎጆ ሊያሰጥም ይችላል። እኛ ስንመለስ ቁርስ ስላልበላን ነጂውን «ቶሎ ይበሉልን» እያልን በቅጠሉ መካከል ነው ያለፍነው። ጎጆ ይኑር አይኑር አልተመለከትንም። ዐሁን በአየር የሚላከው ድሮን የተባለው ካሜራ ሲጨመርበት ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ አንባቢ ይገምት፤ ለወፍ ከላይ የሚመጣ ነገር ሁሉ ጭላት ነውና።

ጥፋቱ የጀልባው ነጂ ነው የሚል ሐሳብ ደግሞ በመኝታ ቤቶች ውስጥ ሲነገር ሰምተናል። ይህን አንቀበልም። ሰውየው ሞተሩን በገዛ እጃቸው አጥፍተው ነበር፤ አስነሥተህ አሳየን ያልነው፣ ከተነሡም በኋላ ጉርሻ የጨመርንላቸው እኛ ነን። ገንዘባችን ለጩኸት የሚከፈል ከሆነ ጩኸት እንገዛለን፤ ቁጭ ለማለት የሚከፈል ከሆነ ደግሞ ከሳቸው የተሻለ ቁጭ ብሎ የሚያስተምረን አናገኝም። ነዳጁም ይቀንስላቸዋል።

«ጥበብ ነው፣ ጥበብ ነፃ ነው» የሚሉትም አሉ። እነዚህ ወንድሞቻችን ስለ ጥበቡ ታሪክ ጥቂት ቢያነቡ መልካም ነበር። እንግሊዛውያኑ ወንድማማቾች ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን በ1892 እ.ኤ.አ. የወፍ ጎጆን ከነእንቁላሉ ፎቶግራፍ ያነሡ ናቸው፤ በዚህ ሥራ ቀዳሚዎች ይባላሉ። ካሜራቸው ከባድ ነበር፤ ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ስልክ የሚያደርገውን አንድ አሥረኛ አያደርግም። ታዲያ ወፉን እንዴት ቀረቡት? በሬ አስመስለው ባሠሩት ባዶ አካል ውስጥ ገብተው ለብዙ ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ በመቆየት ነው። እነርሱ ወፉ እንዳይነሣ በሬ ሆነው ዋሉ፤ እኛ ወፉ እንዲነሣ ሞተር አስጮህን። ከሁለቱ ጥበብ የትኛው ነው?

ከሁሉም ይልቅ የሚቈጨን ግን የተቈረጠው ሲሶ ነው። ጣና ቆሞ የሚጠብቀን ሐይቅ አይደለም። በ1988 ዓ.ም. ዐባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ ግድቡ ከተሠራ ወዲህ የውሃው ከፍታ በመዝጊያ የሚታዘዝ ሆኗል። በ1995 ዓ.ም. ድርቁና ለኤሌክትሪክ የተለቀቀው ውሃ ተደራርበው ሐይቁ በመሸሹ መርከቦች መሄድ ተስኗቸው ቆመው ነበር፤ በደረቀው ዳር ገበሬው ዘራበት፤ ደንገሉም ተመናመነ። በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ማመንጫ ተመርቆ ከሐይቁ በምዕራብ በኩል ውሃ መሳብ ጀመረ። በ2004 ዓ.ም. የእምቦጩ መግባት ታወቀ፤ ከዚያ ወዲህ ምን ያህል ገበሬ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ እንደ ነቀለው የዚህ አገር ልጅ ሁሉ ያውቃል። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ጽፎታል፤ መልካም ነው፤ መዝገብ ግን አረም አይነቅልም። (ይህን ስንል ገበሬውን ወይም መብራቱን ለመውቀስ አይደለም። ሩዙን የምንበላው፣ በመብራቱም የምናነበው እኛው ነን።)

እንዲህ ባለ ሐይቅ ላይ ካሜራ ይዞ የሚሄድ ሰው ወደደም ጠላም ምስክር ነው። ምስክርነቱ ዋጋ እንዳለው ከጣና ወጣ ብለን አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በስምጥ ሸለቆ ሻላና አብያታ የተባሉ ጐረቤታሞች ሐይቆች አሉ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚያን ጊዜው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ ያስተምሩ የነበሩት ኤሚል አርባንና ሌስሊ ብራውን የተባሉት የወፍ ዐዋቂ በሻላ ደሴት ላይ የሚፈለፈሉትን ፔሊካኖች ኑሮ ቀን እየቈጠሩ መዝግበው በ1969 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። ሻላ የሚበቃ ዓሣ ስለሌለው ፔሊካኖቹ ጫጩቶቻቸውን በሻላ አስቀምጠው ምግባቸውን ከአብያታ ያመጡ ነበር። ሁለቱ ሰዎች በ1971 እ.ኤ.አ. ያወጡትን የኢትዮጵያ ወፎች ዝርዝርም ያተመው ያው ዩኒቨርስቲ ነው። በኋላ ውሃው ለመስኖና ለሶዳ አሽ ሥራ እየተወሰደ አብያታ ሸሸ፤ ዓሣው ጠፋ፤ ፔሊካኑም እንደ ድሮው የሚበላውን አጣ። ምን እንደ ጠፋ ዛሬ ለመናገር የምንችለው አስቀድሞ ምን እንደ ነበረ የጻፈ ሰው ስለ ነበረ ነው። አርባንና ብራውን «የሻላ ውበት» ብለው አንድ የሚበርር መንጋ ሰቅለው ቢሄዱ ኖሮ እኛ ዛሬ በእጃችን ምን ይኖረን ነበር?

ሥዕልም ከመጽሐፍ የማያንስ ምስክር ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝ አገር በደንገል መሰል ሸምበቆ ውስጥ የሚኖር አንድ ወፍ መፈልፈሉን ትቶ ጠፍቷል ተብሎ ሲታመን ኤማ ተርነር የተባለች ሴት በ1911 እ.ኤ.አ. በኖርፎክ አውራጃ ጫጩቱን ፎቶግራፍ አነሣች። ያቺ አንዲት ሥዕል ወፉ ተመልሶ እየተራባ መሆኑን አስረዳች። ጫጩቱ በሸምበቆ መካከል አንገቱን ሰቅሎ ቆሞ ነው እንጂ አልተበተነም፣ ክንፉንም አልዘረጋም፤ በኛ ትርኢት ቢቀርብ ሦስተኛ እንኳ የሚወጣ አይመስለንም። ነገር ግን ቦታውና ዓመቱ ታውቋል።

እዚህ ላይ አስተማሪዎቻችንን በአክብሮት አንድ ነገር እንጠይቃለን። በክፍል ውስጥ የወፍ ክንፍ አጥንቶችን ስም በላቲን አስጠንታችሁናል፤ ፈተናውንም አልፈናል። በግቢያችን ሣር ላይ ከላሞች ጋራ የሚውለውን ነጭ ወፍ ሳቢሳ ብሎ የሚጠራ ተማሪ ግን ከዐሥሩ ስንት ይገኛል? ጣናን ከልጅነታቸው ጀምረው የሚያውቁት፣ ደንገሉን ዐጭደው ታንኳውን የሚያስሩት የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን በሐይቁ ላይ ላለው ለእያንዳንዱ ወፍ ስም አላቸው ብለን እናምናለን፤ ዓሣ አጥማጆቹም እንዲሁ። ይህ ስም በማንኛውም የመማሪያ መጽሐፋችን ላይ የለም። በጀልባው ላይ ሰባቱ ስሞች በነፃ ተሰጥተውን ነበር። ከሰባቱ አንዱን እንኳ ዛሬ አናስታውስም፤ ካሜራው ግን ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሥዕል ይዟል። ለዘመናዊ ትምህርት ይህ የሚያኰራ ሒሳብ አይደለም።

ስለዚህ የአንድነታችን ሥራ አስኪያጅ ኰሚቴ በሚቀጥለው ስብሰባው እንዲወስን የምንጠይቀው ይህን ነው። የኛ ሥዕል ይውረድ፤ ሽልማቱንም እንመልሳለን። ከእንግዲህ በአዳራሹ የሚሰቀል የወፍ ሥዕል ሁሉ የተነሣበት ቀን፣ ሰዓትና ቦታ፣ የወፉም ስም በሳይንስና በሐይቁ ሰዎች አጠራር ይጻፍበት፤ ወፉ በራሱ ፈቃድ የተነሣ ይሁን ሰው ያስነሣው አንሺው በፊርማው ያረጋግጥ። የተቈረጠ ሥዕል የተቈረጠ መሆኑ ይነገር። ያስነሣ አይሸለም። አንዳንዱ ሰው ይዋሻል ትሉን ይሆናል፤ ይዋሽ፤ እኛ ግን እስከ ዛሬ ማንም ስላልጠየቀን መዋሸት እንኳ አላስፈለገንም ነበር። ዳኞቹም ከመፍረዳቸው በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ ሐይቁ ላይ ወጥተው፣ ሞተር ጠፍቶ፣ አንድ ሰዓት ይቀመጡ።

ከትርኢቱ ጣልነው ያልነው ሲሶ በካሜራው ውስጥ ስላለ አትመነዋል። እምቦጩም፣ ታንኳውም፣ መረባቸውን የሚያስለቅቁት ሰውም፣ የሩዙ ማሳም በደንብ ይታያሉ። ጥር ወር፣ ቅዳሜ፣ ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ጉማራ መግቢያ ብለን ጽፈንበታል፤ ፔሊካኖቹ ከቀሩበት ሁለት ሲሶ ጋራ አያይዘን፣ «ሦስት ጊዜ አስነሥተናቸዋል» የሚል ጨምረን፣ ኰሚቴው ቢፈቅድ በዚያው ምስማር ላይ እንሰቅለዋለን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደዚያው ቦታ፣ ከነዚያው አዛውንት ጋራ እንሄዳለን። ዋጋውን በሰዓት ተነጋግረናል። ጀልባው ከነጂው ሌላ ስምንት ሰው ይይዛል፤ እኛ ስድስት ነን፤ ሁለቱን ቦታ ለዳኞቹ አስቀምጠናል። መነሻው ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ነው። ካሜራ ያለው ካሜራውን፣ የሌለው ደግሞ ደብተርና እርሳስ ይዞ ይምጣ።